የሁለት ጥንድ ቁጥር ለምን እጥፍ ይወጣል? የፖከር ስሌት ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ ጆከር በሌለበት 52 ካርታ፣ ለተጫዋቹ 5 ካርታ ሲታደለው ስለሚወጡት እጆች (በአንድ ላይ ስለሚይዛቸው አምስት ካርታዎች) ነው። ኮምቢኔሽን ምን እንደሆነና ከ52 ካርታ 5 የሚመረጥባቸው መንገዶች 2,598,960 እንደሆኑ አንባቢ ያውቃል ብዬ እነሳለሁ። የፕሮባቢሊቲው ታህት (የምታካፍሉበት ጠቅላላ ቁጥር) 311,875,200 ከሆነባችሁ ካርታዎቹን በታደሉበት ቅደም ተከተል ቆጥራችኋልና ለ120 አካፍሉት።

ችግር፦ ሁለት ጥንድ 247,104 ይወጣል

በማርመው ወረቀት ላይ ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ነው። ተማሪው ለመጀመሪያው ጥንድ ከ13 ቁጥሮች (ከ2 እስከ 10፣ ጃክ፣ ኩዊን፣ ኪንግና ኤስ) አንዱን ይመርጣል፣ ከዚያ ቁጥር 4 ካርታዎች ሁለቱን በ6 መንገድ ይወስዳል፤ ለሁለተኛው ጥንድ 12 ቁጥሮች ይቀሩታል፣ አሁንም በ6 መንገድ፤ ለአምስተኛው ካርታ 44 ይቀራሉ። 13 × 6 × 12 × 6 × 44 ብሎ ያባዛል። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ እንከን የለበትም፣ ውጤቱ ግን የትክክለኛው እጥፍ ነው።

ምክንያቱ ጥንዶቹ አንደኛና ሁለተኛ የሌላቸው መሆኑ ነው። ሁለት ኪንግ፣ ሁለት 7 እና አንድ 3 የደረሰው ሰው ኪንጎቹን በግራም ቢይዛቸው በቀኝም ቢይዛቸው፣ የያዘው እጅ ያው ነው፤ ስሌቱ ግን አንዴ ኪንግን አስቀድሞ፣ አንዴ 7ን አስቀድሞ ሁለት ጊዜ ይመዘግበዋል። መፍትሄው ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ጊዜ መምረጥ ነው፤ ከ13 ሁለት ሲመረጥ 78 ይሆናል፣ 78 × 6 × 6 × 44 ደግሞ 123,552 ይሰጣል፣ ማለትም 4.75 በመቶ ገደማ።

አንድ ተማሪ ይህን አልቀበልም ብሎ ስለተከራከረኝ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እነዚያኑ አምስት ካርታዎች በራሱ ቀመር መሠረት ሁለት ጊዜ እንዲጽፋቸው አደረግኩት፤ ያን ጊዜ አመነ። በሳምንቱ ግን ፉል ሃውስንም (ሦስት ካርታ ከአንድ ቁጥር፣ ሁለት ከሌላ ቁጥር) በ78 ጀምሮ 1,872 አመጣልኝ፣ ይህም የትክክለኛው ግማሽ ነው። ሦስት ኪንግና ሁለት 7 ከሦስት 7 እና ሁለት ኪንግ የተለየ እጅ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ያስፈልጋል፤ ትክክሉ 13 × 4 × 12 × 6፣ ማለትም 3,744 ነው። ቀመር ከመሸምደድ ይልቅ «የሁለቱን ቁጥሮች ቦታ ብለዋውጥ እጁ ይቀየራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የማይቀየር ከሆነ በአንድ ጊዜ ምረጡ።

ችግር፦ የአንድ ጥንድ ፕሮባቢሊቲ ከ1 ይበልጣል

13 × 6 × 48 × 44 × 40 ሲባዛ 6,589,440 ይሆናል። ይህን ለ2,598,960 አካፍሎ ያገኘውን 2.54 በሁለት መስመር አስምሮ ያስረከበኝ ተማሪ አለ፤ ካልኩሌተሩ ያለው ሁሉ ለእርሱ እውነት ነው። ሦስቱ ተራ ካርታዎች በ6 ቅደም ተከተል ስለተቆጠሩ 48 × 44 × 40 በ220 × 64 ይተካ (220 ከቀሩት 12 ቁጥሮች ሦስት ሲመረጥ፣ 64 ደግሞ 4 × 4 × 4 ነው)፤ ውጤቱ 1,098,240 ይሆናል። ሦስት ተመሳሳይ ቁጥር 109,824 ከወጣ በሽታው ያው ነው፤ ግማሹ 54,912 ነው።

ችግር፦ «ቢያንስ አንድ ጥንድ» 1,528,800 ይወጣል

ጥንዱን መርጦ የቀሩትን ሦስት ካርታዎች ከ50 እንዳገኘ የሚወስድ ሰው ሁለት ጥንድን 2 ጊዜ፣ ሦስት ተመሳሳይን 3 ጊዜ፣ ፉል ሃውስን 4 ጊዜ፣ አራት ተመሳሳይን 6 ጊዜ ይቆጥራል። አምስቱም ቁጥሮች የሚለያዩባቸውን 1,317,888 እጆች ከጠቅላላው ቀንሱ፤ 1,281,072 ይቀራል።

ጥቃቅኖቹ፦ ፍላሽ (አምስቱም ካርታ አንድ ምልክት ሲኖራቸው) 5,148 ከሆነ፣ 40ዎቹ ስትሬት ፍላሾች (ፍላሽም ተርታም የሆኑት) አልተቀነሱም። ስትሬት (አምስት ተከታታይ ቁጥሮች፣ ማለትም ተርታ) 9,216 ከሆነ ኤስ ከ2 በታችም ከኪንግ በላይም መግባት እንደሚችል ተረስቷል፤ ተርታዎቹ 10 ናቸው፣ ስትሬት ፍላሾቹም ሲወጡ 10,200 ይቀራል።

በመጨረሻ ሁሉንም የእጅ ዓይነቶች ደምሩ። አደራ፣ ምንም የሌለበትን እጅ በመቀነስ አታግኙት፤ እንዲያ ካደረጋችሁ ድምሩ ስህተት ቢኖርም ባይኖርም ይገጥማል። ለብቻው 1,277 × 1,020 ብላችሁ 1,302,540 አግኙ (1,277 ተርታ ያልሆኑት አምስት የተለያዩ ቁጥሮች ምርጫዎች፣ 1,020 አምስቱም ካርታ አንድ ምልክት የማይሆኑባቸው መንገዶች ናቸው)። ከዚያ በኋላ ድምሩ ከ2,598,960 በ123,552 ከበለጠ ወደ ሁለት ጥንድ፣ በ54,912 ከበለጠ ወደ ሦስት ተመሳሳይ፣ በ1,872 ካነሰ ወደ ፉል ሃውስ ተመለሱ።