ቆርቆሮው ላይ የወጣው ጥቁር ካሬ፦ የኤችዲአር ፋይል ችግርና መፍትሄ በተርሚናል

ኮየ ፈጬ ከኮንዶሚኒየም ፎቅ ቁልቁል ሲታይ፣ ከሰዓት በኋላ ላይ አዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ ዓይን ያጭበረብራል፤ እዚያው አጠገብ ያለው በረንዳ ደግሞ ጥላ ውስጥ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዘው ኤችዲአር ወይም ኢኤክስአር የሚባለው፣ እጅግ ደማቁንም እጅግ ጨለማውንም በቁጥር የሚያስቀምጥ የምስል ፋይል ነው። ፋይሉ ሲለወጥ ግን ጣጣው ይመጣል። ቀለሙን ከመነካካታችሁ በፊት ቁጥሩን እዩ፤ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው ያለው። የመሣሪያዎቹን ስም እንደሚነበበው ጽፈነዋል፤ ተርሚናሉ (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚገባበት መስኮት) ላይ በላቲን ፊደል ነው የምታስገቡት።

ፀሐይዋ ዙሪያ ወይም ቆርቆሮው ላይ ጥቁር ካሬ

ከሁሉም የሚያደናግረው ይሄ ነው፤ ዋናው ፋይል ሲከፈት ምንም እንከን የለበትማ። ኢኤክስአር በብዛት የሚቀመጠው ሃፍ በሚባለው የ16 ቢት ቁጥር ነው፤ ሃፍ የሚይዘው ትልቁ ቁጥር ደግሞ 65504 ነው። ራዲያንስ በሚባለው የብርሃን ማስሊያ ፕሮግራም የተሰላ ሰማይ ላይ ግን የፀሐይዋ ዋጋ በሚሊዮን ይቆጠራል፦ ድምቀቷ በካሬ ሜትር 1.6 ቢሊዮን ካንዴላ (የብርሃን መለኪያ) ገደማ ስለሆነ፣ ራዲያንስ በሚጠቀምበት ቋሚ ቁጥር ለ179 ሲካፈል ወደ 9 ሚሊዮን ይጠጋል። አዲስ ቆርቆሮ ላይ የምታርፈው ነጸብራቅም ከ65504 ልታልፍ ትችላለች። ያለፈው ሁሉ ኢንፊኒቲ (ወሰን የለሽ) ሆኖ ይጻፋል።

እስከዚህ ድረስ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ ማንም አይጠረጥርም። ምስሉን ስታሳንሱት ግን ማጣሪያው አንዳንዱን ፒክስል በኔጋቲቭ ቁጥር ያባዛል፤ ኢንፊኒቲና ኔጋቲቭ ኢንፊኒቲ ይደመሩና ውጤቱ ቁጥር መሆኑ ይቀራል፣ ናን ይሆናል። ናን የነካውን ጎረቤት ሁሉ ይበክላል፤ አንዲት ነጥብ የነበረችው ጥቁር ካሬ ሆና ታርፋለች።

ለማረጋገጥ ፋይሉን ኦአይአይኦቱል ለሚባለው የምስል መለወጫ መሣሪያ ስጡና ስታትስ የሚለውን ምርጫ ጨምሩ። የእያንዳንዱን ቻናል ትንሹንና ትልቁን ዋጋ፣ የናኑንና የኢንፊኒቲውን ብዛት ያወጣላችኋል። የኢንፊኒቲው ቁጥር ዜሮ ካልሆነ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው።

መፍትሄው ከዋናው ፋይል እንደገና መጀመር ነው። ሙልሲ በሚለው ምርጫ በ0.001 አባዙ፤ 9 ሚሊዮን የነበረው 9000 ይሆንና ሃፍ ውስጥ ይገባል። ማባዛቱ ከማሳነሱ በፊት ይምጣ፤ የሃፍ ምርጫውም ውጤቱን ከምታስጽፉበት ምርጫ በፊት ይግባ፤ ይህ መሣሪያ ትእዛዙን ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚፈጽመው። በ1000 ማካፈላችሁን የፋይሉ ስም ላይ ጻፉት፤ ነገ የብርሃን መጠን የሚለካበት ሰው ከየት ያውቀዋል? ዋጋውን መቀነስ ካልፈለጋችሁ በ32 ቢት ፍሎት አስቀምጡ፤ ቦታው ግን ሳይታመቅ እጥፍ ነው።

ዋናው ፋይል ከጠፋ ፊክስናን የሚለው ምርጫ ከቦክስ3 ጋር ክፍተቱን በአካባቢው ፒክስሎች አማካይ ይሞላዋል። መልኩን ነው የሚያስተካክለው። የፀሐይዋ ጉልበት አይመለስም፤ በዚያ ፋይል ኮምፒውተር ላይ ብርሃን የተሰጠው ቤት ጥላው ይደበዝዛል።

ፋይሉ በእጥፍ ገደማ ገዘፈ፣ ማንም አይከፍተውም

ዊንዶውስ ላይ ነው የሚያጋጥመው። የራዲያንስ መሣሪያዎች ውጤታቸውን በቀስት ምልክት ወደ ፋይል ያፈሳሉ። የዊንዶውሱ ትእዛዝ ማስገቢያ ፓወርሼል 5.1 ደግሞ የሚያልፍበትን ሁሉ ጽሑፍ ነው ብሎ ዩቲኤፍ 16 ወደሚባለው የጽሑፍ ኮድ ይለውጠዋል። የፋይሉን የመጀመሪያ ባይቶች እዩ፦ ጤነኛ የራዲያንስ ፋይል በ35 እና 63 ይጀምራል፣ ኢኤክስአር በ118፣ 47፣ 49፣ 1። 255 እና 254 ካገኛችሁ ፓወርሼል ነክቶታል። ለመጠገን አትድከሙ። የድሮውን ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ ወይም ፓወርሼል 7.4ን ጭናችሁ ትእዛዙን ድገሙት።

የድምቀት ልኬቱ ከእውነታው በጣም ራቀ

ጌትኢንፎ በሚባለው የራዲያንስ መሣሪያ ሄደሩን (ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያለውን መግለጫ) አውጡና ኤክስፖዠር የሚል መስመር ፈልጉ። ፒፊልት የሚባለው የራዲያንስ መሣሪያ ምስሉን ሲያደምቅ ወይም ሲያደበዝዝ አንድ መስመር ይጨምራል፤ መስመሮቹ እርስ በርስ ይባዛሉ። 0.5 እና 0.25 ካሉ 0.125 ነው፤ 2 ሆኖ የተነበበው ፒክስል መጀመሪያ 16 ነበር፣ በ179 ሲባዛ 2864 ካንዴላ በካሬ ሜትር። በእጅ ላለማስላት የፒክስል ዋጋ የሚያወጣውን ፒቫልዩን በኦ ምርጫ አስኪዱት፤ የመጀመሪያውን ዋጋ ይሰጣችኋል።

ፒኤንጂው ጨለመ፣ ሰማዩ ደግሞ ነጭ ወረቀት መሰለ

ከ1.0 በላይ ያለው ተቆርጧል፣ ጋማም (ለስክሪን የሚሆን የድምቀት ማስተካከያ) አልተሰጠውም። የምትሠሩት ፒኤፍኤስቱልስ በሚባሉት የኤችዲአር መሣሪያዎች ከሆነ በቅደም ተከተል ፒኤፍኤስኢን፣ የራይንሃርድ ቶን ማፒንግ (ሰፊውን ድምቀት ስክሪን ወደሚችለው ማጥበቢያ)፣ ፒኤፍኤስጋማ በ2.2፣ ከዚያ ፒኤፍኤስአውት። ጋማዋ ናት ብዙ ጊዜ የምትረሳው።

መብራት ሄደ፣ የምስሉ ታች ባዶ ቀረ

ኢኤክስአር እያንዳንዱ የመስመር ክፍል የት እንዳለ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ የሚያጠናቅቀው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሥራው መሃል ላይ ከተቋረጠ ፋይሉ ጎደሎ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ፋይል በአንዴ ስትለውጡ በጊዜያዊ ስም አስጽፉ፤ ትእዛዙ ያለ ስህተት ሲያልቅ ብቻ ወደ ትክክለኛው ስም ይዛወር። መብራት ሲመጣ ጊዜያዊ ስም የያዘውን አጥፍታችሁ እሱን ብቻ ትደግማላችሁ። በፍላሽ የምትወስዱ ከሆነም ከመንቀላችሁ በፊት ሲንክ የሚለውን ትእዛዝ አስኪዱ።