ቅመም የገባበትን የመጸው ቢራ እንዴት እናጣጥመው?

ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ገውዝና ቅርንፉድ የገባበት ቢራ በአሜሪካ አነስተኛ ጠማቂዎች ዘንድ የመጸው መጠጥ ነው። ብዙ ጊዜ ዱባም ይጨመርበታል። ዛሬ የተለመደውን የዱባ ቢራ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው በካሊፎርኒያ፣ ሃይዋርድ ከተማ የነበረው ቡፋሎ ቢልስ የተባለ ጠመቃ ቤት ነው። ባሕር ዳር ላይ እንዲህ ያለ ጠርሙስ እጃችሁ ቢገባ ምናልባት ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት ነው፤ ያውም አንድ ወይም ሁለት። እንደ ተራ ቢራ አቀዝቅዞ መጨለጥ ያሳዝናል። ሲቀመስ የሚፈለገው መልስ አንድ ነው፦ ቅመሙ ቢራውን አጅቦታል ወይስ ሸፍኖታል?

መጀመሪያ ጠርሙሱን አሳርፉት። በሻንጣ ሲንገላታ የመጣ ቢራ ወዲያው ከተከፈተ ይገነፍላል፤ ካልተጣራም አተላው ተበጥብጦ ጣዕሙን ያደፈርሰዋል። ቢያንስ 24 ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቁም። ፀሐይ ፈጽሞ አያግኘው። ሆፕ (ቢራ ውስጥ የጌሾን ቦታ የያዘው ተክል) ለቢራው ምሬት የሚሰጥበት ንጥረ ነገር ብርሃን ሲመታው ይበላሽና የሚከረፋ ሽታ ያመጣል። ቡናማ ጠርሙስ በመጠኑ ይከላከላል፣ አረንጓዴውና ነጩ ግን እምብዛም አይከላከሉም። ሐይቁ ዳር ጠረጴዛ ላይ የምትቀምሱ ከሆነ ጥላ ምረጡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅዝቃዜው ላይ ነው። በ4 ዲግሪ የቀዘቀዘ ቢራ ሽታውን አይለቅም፤ ምላስም ይደነዝዛል። ለዚህ ቢራ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ይስማማዋል። ከማቀዝቀዣ ካወጣችሁት በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ቀትር ላይ ከሆነ 15 ይበቃል። መብራት ከጠፋ ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ውስጥ አቁሙት፤ ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞለት ይሄዳል።

ቢራው እስኪያርፍ ድረስ አፍንጫችሁን አሠልጥኑ። ይህን የሚዘል ሰው “ቅመም ቅመም ይላል” ከማለት አያልፍም። ከገበያ ትንሽ ትንሽ ቅመም ግዙና አምስት የቡና ሲኒ ደርድሩ። በአንዱ 2 ሴንቲ ሜትር የምታህል የቀረፋ ስባሪ፣ በሌላው ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ፣ በሦስተኛው አንድ ቀጭን የዝንጅብል ቁራጭ፣ በአራተኛው በጣት ጫፍ የሚቆነጠር የተፈቀፈቀ ገውዝ፣ በአምስተኛው አራት አምስት የተሰነጠቀ የኮረሪማ ፍሬ አድርጉ። የፈላ ውኃ ጨምሩና ክደኗቸው። ከ10 ደቂቃ በኋላ ለብ ሲሉ አንድ በአንድ አሽትቱ። ከዚያ ሌላ ሰው ቦታቸውን ይለዋውጥላችሁና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ለዩ። ኮረሪማ የእኛው አገር ቅመም ነው፤ የአሜሪካ ጠማቂ ላይጠቀምበት ይችላል። ሄል ከገባበት ግን ለአፍንጫችሁ የቅርብ ዘመዱ ነውና ያግዛችኋል። ኦልስፓይስ የሚባለውን ፍሬ ካጣችሁት ግድ የለም፤ እንደ ቅርንፉድ ሁሉ ኢዩጂኖል የተባለው ዘይት ስለሚበዛበት ሽታቸው ይቀራረባል።

ከቅምሻው በፊት ለአንድ ሰዓት ቡናም ሲጋራም ይቅር፤ ሚጥሚጣ ወይም አዋዜ የበላ ሰው ደግሞ ሁለት ሰዓት ይታገስ። ዕጣን የሚጨስበት ቤትና አሳ የሚጠበስበት ጓሮ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

ብርሌ የሚያምር ዕቃ ነው፣ ግን አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አፍንጫ አያስገባም። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ የወይን ብርጭቆ ይሻላል። የሳሙና ወይም የቅባት ርዝራዥ አረፋውን ይገድለዋል። ብርጭቆው ጎን ላይ ተጣብቀው የሚቀሩ የጋዝ አረፋዎች ካያችሁ በደንብ አልታጠበም ማለት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናትና የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ አረፋው ይፈጥናል። ብርጭቆውን አጋድማችሁ በጎኑ ቀስ ብላችሁ ቅዱ፣ መጨረሻ ላይ አቅኑት። ለአንድ ሰው 120 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ አረፋው ሁለት ጣት ይሁን፣ ከብርጭቆውም ግማሹ ባዶ ይቅር፤ ሽታው የሚጠራቀመው እዚያ ነው።

አሁን አሽትቱ፤ በረጅሙ አትሳቡ፣ ሦስት አራት ጊዜ አጠር አጠር አድርጉ። ቀድሞ የሚመጣው ቀረፋ ነው። እሱን እለፉትና ከሥሩ ብቅሉን ፈልጉ፦ የዳቦ ቅርፊት፣ የተቃጠለ ስኳር፣ የተቆላ እህል። በአሻሮ የተጠመቀ ጠላ እየጠጣ ያደገ ሰው ይህን ለመለየት አይቸገርም። ብቅሉ ጨርሶ ከጠፋ ቅመሙ በዝቷል። አፍንጫችሁ ከደከመ የራሳችሁን ክንድ አሽትታችሁ ተመለሱ።

ስትጎነጩ አፍ ውስጥ አንሸራሽሩት፣ ዋጡት፣ ከዚያ በአፍንጫችሁ አስወጡ። ቀረፋ የሚያታልል ቅመም ነው፤ ስኳር የሌለበትን ጣፋጭ ያስመስላል። ለማረጋገጥ አፍንጫችሁን በሁለት ጣት ይዛችሁ አንዴ ተጎንጩ። ጣፋጭነቱ ከጠፋ የሽታው ሥራ ነበር፤ ከቀረ ግን ከብቅሉ ወይም ከተጨመረ ስኳር የመጣ ነው። ዝንጅብል ጉሮሮ ላይ ይለበልባል፣ አልኮል ደግሞ ወደ ደረት ወርዶ ያሞቃል። ቅርንፉድ በብዛት ከገባ የምላስን ጫፍ ያደነዝዛል። የቅርንፉድ ሽታ ኖሮ ማደንዘዙ ከሌለ፣ በዚያ ላይ ሙዝ ሙዝ ካለ፣ ያ ሽታ ከእርሾው የመጣ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ የስንዴ ቢራ እርሾዎች እንዲህ ያደርጋሉ። ዱባውን አጥብቃችሁ አትፈልጉት። የራሱ ጣዕም ለስላሳ ነው፤ አንዳንዱ “የዱባ ቢራ” ጭራሽ ዱባ የለበትም። ካለ ወፈር ማለቱና የተቀቀለ ዱባ የመሰለ ለዘብተኛ ጣዕሙ ያስታውቃል።

ጉድለቱን መለየት ይከብዳል፣ ቅመም ብዙ ነገር ይደብቃላና። ከዋጣችሁ በኋላ ጠብቁ። ቁሌቱ ሳይበስል ቅመም እንደተጨመረበት ወጥ ጥሬ ጥሬ ካለ፣ ቅመሙ ከቢራው ጋር አልተዋሐደም። አፍ የሚያደርቅና የሚያኮማትር ከሆነ የቀረፋው ልጥ ወይም ቅርንፉዱ ከመጠን በላይ በዝቶ ወይም ተዘፍዝፎ ቆይቷል። ቅቤ ቅቤ የሚል ሽታ ዳይአሴቲል ከተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ብዙውን ጊዜ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ መታሸጉን ያመለክታል። ርጥብ ካርቶን የሚሸት ቢራ አየር ገብቶበት አርጅቷል። ሳይታሰብ የመጣ ኮምጣጣነት የባክቴሪያ ነው።

ለእያንዳንዱ ብርጭቆ ሦስት ጊዜ ማስታወሻ ያዙ፦ እንደተቀዳ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላና ከ20 ደቂቃ በኋላ። ጥሩው እየሞቀ ሲሄድ ብቅሉ እየወጣ፣ ቅመሙ ወደ ኋላ እየቀረ ይሄዳል። መጥፎው በተቃራኒው የቀረፋ ሻይ ይሆናል። በአንድ ቅምሻ ከሦስት ዓይነት አትለፉ፤ አልኮሉ ቀለል ካለው ጀምሩ። በመካከል ውኃና ምንም ቅመም የሌለው ነጭ ዳቦ ይቅረብ። እንጀራ ኮምጣጣነቱ ስለሚያሳስት ከቅምሻው በኋላ ይምጣ።

ከምግብ ጋር ሲሆን የዱባ ወጥ ይስማማዋል፤ በርበሬው ለዘብ ይበል። ጥቁር አዝሙድ የገባበት ድፎ ዳቦም ጥሩ ነው። ትኩስ የተጠበሰ ቀረሶ ላይ ግን ቅርንፉዱ የአሳውን ጣዕም ስለሚጋፋ ለዚያ ተራ ቢራ ይሻላል።

ሁለተኛ ጠርሙስ ካለ ለከርሞ አታስቀምጡት። አልኮሉ 5 ወይም 6 በመቶ የሆነውን በጥቂት ወራት ውስጥ ጠጡት፤ ሲቆይ የዝንጅብሉና የሆፑ መዓዛ ይደበዝዛል። 8 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነው መቆየት ይችላል፣ እሱም ቢሆን ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ እንጂ ጓዳ መደርደሪያ ላይ አይደለም።