የቤት ፖከር ቺፕ ዋጋ አመዳደብ፦ በ200 ብር መግቢያ

የቺፕ ሳጥን ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቀለሞቹን እያየ «ነጩ አንድ ብር፣ ቀዩ አምስት፣ ሰማያዊው አስር» ብሎ መሰየም ነው። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። የቺፕ ዋጋ የሚወጣው ከብላይንዱ (ካርድ ከመታደሉ በፊት ሁለት ተጫዋቾች፣ አንዱ ትንሹን ሌላው ትልቁን፣ በግድ ከሚያስቀምጡት ውርርድ)፣ ከመግቢያው ገንዘብ እና ተጫዋቾቹ ኪስ ውስጥ ካለው የብር ኖት ነው። እነዚህ ሳይታሰቡ የተሰየመ ቺፕ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «ዝርዝር ያለው?» ያስብላል። ባጃጅ የተሳፈረ ጎንደሬ ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። ጠረጴዛ ላይ በየዙሩ ሲደጋገም ደግሞ የጨዋታውን ጣዕም ያጠፋዋል።

ከብላይንዱ ጀምሩ

ለጓደኛሞች የቅዳሜ ማታ ጨዋታ የ1 እና የ2 ብር ብላይንድ ጥሩ መነሻ ነው። በፖከር የተለመደው መግቢያ የትልቁ ብላይንድ 100 እጥፍ ስለሆነ ሂሳቡ 200 ብር ላይ ያርፋል፤ ማለትም አንድ ኖት። ባለ 200 ብሩ ኖት በመስከረም 2013 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ይሄ በልክ እንደተሰፋ ልብስ ነው፦ ተጫዋቹ አንድ ኖት ይሰጣል፣ አንድ ድርሻ ቺፕ ይቀበላል፣ መልስ የሚባል ነገር የለም። መግቢያውን 150 ብር ብታደርጉት ግን ጨዋታው ሳይጀመር መልስ ፍለጋ ሱቅ ሰው ትልካላችሁ።

ትንሿ ቺፕ ከትንሹ ብላይንድ ጋር እኩል ትሁን። ከዚያ ያነሰች ቺፕ ሥራ የላትም፤ ሳጥን ውስጥ ብትቀር ይሻላል። ከዚያ የበለጠች ከሆነ ደግሞ ትንሹን ብላይንድ የሚከፍል ሰው በየዙሩ መልስ ይጠይቃል። ስለዚህ ብላይንዱ 5 እና 10 ብር ከሆነ ባለ 1 ብር ቺፕ ጠረጴዛ ላይ ምንም አትሠራም፤ ዝርዝሩ 5፣ 25፣ 100፣ 500 ይሆናል፣ መግቢያውም 1,000 ብር። ሳንቲም ውስጥ መግባት ግን አያስፈልግም። አንድ ብር ራሱ ዛሬ ትንሽ ነው።

እርከኖቹ

ለ1 እና 2 ብር ጨዋታ አራት ዋጋ ይበቃል፦ 1፣ 5፣ 25፣ 100። በአሜሪካ ካዚኖዎች ብዙ ጊዜ የሚታየውም ይሄው ነው፤ ነጭ 1፣ ቀይ 5፣ አረንጓዴ 25፣ ጥቁር 100። ቅደም ተከተሉ የቆየው ስለሚሠራ ነው። እያንዳንዱ እርከን ከበታቹ አራት ወይም አምስት እጥፍ ነው። ሁለት እጥፍ ብቻ ከሆነ (ለምሳሌ 5 እና 10) ሁለት ዓይነት ቺፕ አንድ ሥራ ይሠራሉ፤ ዓይን ይለፋል እንጂ የሚቀል ነገር የለም። አስር እጥፍ ከሆነ (1 እና 10) ደግሞ አንዷን ለመመንዘር አስር መቁጠር ነው፤ ስድስት ወይም ሰባት ብር መጨመር የፈለገ ሁሉ እፍኝ ሙሉ ቺፕ ይገፋል።

«ባለ 25 ብር ኖት በሌለበት ሀገር 25 ለምን?» የሚል አይጠፋም። በስሙኒ ላደገ ሰው ግን ይሄ ችግር አይደለም። አራት ስሙኒ አንድ ብር እንደሚሆን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል፤ አራት አረንጓዴ አንድ ጥቁር መሆኑም ያው ስሌት ነው። ባለ 25ቷን ቺፕ «ስሙኒ» ብላችሁ ብትጠሯት ቁጥሩ ከአፍ አይጠፋም፣ ከሃያ ጋርም አይምታታም። በ25 ፈንታ 20 መጠቀም ይቻላል፤ 5፣ 20፣ 100 እርከኑን ይጠብቃል። የማይቻለው ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማቀላቀል ነው።

ቁጥር የታተመባቸው ስብስቦች ብዙ ጊዜ 10 እና 50 ይጨምራሉ። እነሱን ሳጥን ውስጥ ተዉአቸው። ከዚህ የባሰው ስህተት 100 የተጻፈበትን ቺፕ «ዛሬ አንድ ብር ነው» ማለት ነው። ሌሊቱ ሲገፋ ዓይን የሚያምነው የታተመውን ነው፣ ክርክሩም ከዚያ ይነሳል። ገና የምትገዙ ከሆነ ቁጥር የሌለበትን ምረጡ፤ ብላይንዱ በተቀየረ ቁጥር ዋጋውን አብሮ መቀየር ይቻላል። ዋጋውን በወረቀት ጽፎ ሁሉም ሊያየው የሚችልበት ቦታ ማኖር ብቻ ነው የሚቀረው።

አብዛኛውን ሥራ የምትሠራው ባለ 5ቷ ናት። አንዱን ዙር እንከተለው። አንድ ሰው ከፍሎፑ (ሁሉም ከሚጋሯቸው የመጀመሪያ ሦስት ካርዶች) በፊት ወደ 7 ብር ያሳድጋል፤ አንድ ቀይ፣ ሁለት ነጭ። ሁለት ሰዎች ይከተሉታል፣ ብላይንድ የከፈሉት ሁለቱ ካርዳቸውን ይጥላሉ፤ መሃሉ ላይ 24 ብር አለ። ፍሎፑ ሲወጣ የመሃሉን ግማሽ 12 ብር ይገፋል፦ ሁለት ቀይ፣ ሁለት ነጭ። አንዱ ይከተላል፣ አንዱ ይወጣል፤ 48 ብር ሆነ። በተርኑ (አራተኛው ካርድ ሲወጣ) 30 ብር ይጨምራል፦ አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ቀይ። በሦስቱም ውርርድ ቀይ አለች። ነጭ የምታስፈልገው መጀመሪያ ላይ ነው፤ ጥቁሯ እስካሁን አልተነካችም። ስለዚህ ቺፕ ሲታደል ቀይ ከተቆጠበ ጨዋታው ይንቀረፈፋል።

ለአንድ ሰው ስንት

500 ቺፕ ላለውና ለ8 ሰው ጨዋታ ይህ ክፍፍል ከሁሉም ይመቻል፦

20 ነጭ = 20 ብር
16 ቀይ = 80 ብር
4 አረንጓዴ = 100 ብር

ድምሩ 40 ቺፕ፣ 200 ብር። ስምንት ሰው 160 ነጭ፣ 128 ቀይ እና 32 አረንጓዴ ይወስዳል። ባለ 500 ስብስብ ስትመርጡ 160 ነጭ፣ 200 ቀይ፣ 100 አረንጓዴ፣ 40 ጥቁር ብታደርጉት ለባንኩ፣ ማለትም ለመጠባበቂያው ቺፕ፣ ከበቂ በላይ ይተርፋል።

ባለ 300 ሳጥን ብዙ ጊዜ የሚመጣው 100፣ 100፣ 50፣ 50 ተብሎ ነው። ለስድስት ሰው ይበቃል፣ ክፍፍሉን ግን መቀየር ያስፈልጋል፦ 15 ነጭ፣ 12 ቀይ፣ 5 አረንጓዴ ለእያንዳንዱ፤ 15 እና 60 እና 125 ድምሩ 200። ባንኩ ውስጥ 10 ነጭ፣ 28 ቀይ፣ 20 አረንጓዴና ጥቁሮቹ በሙሉ ይቀራሉ። ሰባተኛ ሰው ከመጣ ነጩ አይበቃም፤ ለሁሉም ወደ 14 ማውረድም ሂሳቡን ያበላሻል፤ ምክንያቱም የነጩ ብዛት በአምስት ካልተካፈለ ድምሩ 200 ላይ አይገጥምም። ለሁሉም 10 ነጭና 13 ቀይ ከ5 አረንጓዴ ጋር ስጡ፤ 10፣ 65፣ 125፤ እንደገና 200።

ብዙ ነጭ መስጠት ለጋስነት ይመስላል። ለእያንዳንዱ ሃምሳ ነጭ የታደለበት ጠረጴዛ ግን በየዙሩ ሲቆጥር ያመሻል፤ 18 ብር ለመጨመር 18 ቺፕ የሚገፋ ሰው ይኖራል። ብላይንዱ ጠረጴዛውን አንዴ እስኪዞር ተጫዋቹ ለብላይንድ የሚከፍለው 3 ብር ነው፤ ነጩም ከጠረጴዛው አይወጣም፣ ከተሸነፈው ወደ አሸናፊው ይዞራል። ከ10 እስከ 20 ያለው ይበቃል።

ባንኩ

ከመጀመሪያው እደላ በኋላ ባንኩ ውስጥ ቢያንስ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ተጨማሪ መግቢያ የሚሆን ቺፕ ይቅር። ለስምንት ሰው 1,600 ብር ማለት ነው፤ በ16 ጥቁር ብቻ ይሸፈናል። ይህ ካልታሰበ ቺፕ ያልቅና ሰው እውነተኛ ብር ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ይጀምራል። ኖት ከቺፕ ጋር ሲቀላቀል ማን ምን እንዳለው መገመት ያስቸግራል፤ የማታ መዝጊያውም ሂሳብ ይበላሻል።

ቺፑን ጨርሶ እንደገና ለሚገባ ሰው ነጭና ቀይ አትስጡት። ስምንት አረንጓዴ፣ ወይም አንድ ጥቁርና አራት አረንጓዴ ይበቃዋል። ዝርዝሩ ጠረጴዛው ላይ ተበትኗል፣ ከጎኑ ካለው ሰው ይመነዝራል። በአንጻሩ አንድ ሰው ፊት ቀይ ከተከመረ ባንኩ 20 ቀይ ወስዶ አንድ ጥቁር ይስጠው። በአቦልና በቶና መሃል ያለችው እረፍት ለዚህ ትመቻለች፤ ዙር እየተጫወቱ መመንዘር ግን ስህተት ያመጣል።

ባንክ ያዡ አንድ ሰው ይሁን፣ ደብተርም ይኑረው። በቴሌብር የሚከፍል ሰው ሲኖር ገንዘቡ ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን በያዡ ስልክ ላይ ስለሚገባ፣ «ጥሬ» እና «ቴሌብር» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ያስፈልጋሉ። ማረጋገጫው መልእክት ሳይደርስ ቺፕ አይሰጥ። ቤቱም ሆነ ያዡ ከመሃሉ ገንዘብ ምንም አይቁረጡ፤ ድርሻ እየቆረጡ ሰው ማቋመር ሌላ ሥራ ነው፣ ያለ ፈቃድም በሕግ ያስጠይቃል።

ትልልቁ ቺፕ ሁልጊዜ ከፊት ወይም ከላይ ይቀመጥ። ጥቁሯን ከነጮች ኋላ የደበቀ ሰው ባያስብበት እንኳ ተጋጣሚውን አሳስቶታል፤ 60 ብር አለው ብሎ ውርርድ የገፋበት ሰው 160 ሲቆጠርለት የሚናደደው በትክክል ነው።

ቀለምና መብራት

መብራት በሚሄድበት ከተማ ቀለም የውበት ጉዳይ አይደለም። ቀን ላይ በደንብ የሚለዩት ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር፣ ወይም አረንጓዴና ሰማያዊ፣ በሻማ ብርሃን አንድ ይሆናሉ። ከመግዛታችሁ ወይም ዋጋ ከመስጠታችሁ በፊት አራቱንም ቀለም ክፍሉን አጨልማችሁ በሻማ፣ ቀጥሎም በስልክ መብራት እዩ። ሁለቱ ከተመሳሰሉ አንዱን አውጡ፤ ወይም ቢያንስ በዋጋ ጎረቤት አታድርጓቸው። ሰማያዊ 25፣ ጥቁር 100 ከሆነ በአንድ ስህተት 75 ብር ይሄዳል። ጠርዛቸው ላይ ነጭ ሰረዝ ያላቸው ቺፖች ተደርድረው ሲቆሙም ይለያሉ። ሙሉ በሙሉ አንድ ቀለም ከሆኑት ይልቅ እነሱን ምረጡ።

ስብስቡን ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ክብደቱን አስቀድማችሁ ንገሩት። ባለ 11.5 ግራም ቺፕ 500 ሲሆን 5.75 ኪሎ ነው፤ ባለ 14 ግራሙ 7 ኪሎ። የአሉሚኒየም ሳጥኑ ክብደት በዚህ ላይ ይደመራል። ሳጥኑን ትቶ ቺፑን በጨርቅ ከረጢት ማምጣት ይቻላል። ባለ 11.5 ግራሙ ለዚህ ጨዋታ ምንም አያንሰውም።

ቺፕ እስኪገኝ

የካፖርት ቁልፍ ጥሩ ምትክ ነው። ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ከልብስ ስፌት ዕቃ ሻጮች ዘንድ በመጠን እኩል፣ በቀለም የተለያዩ ሦስት ዓይነት መምረጥ ነው፤ እኩል ስለሆኑ ተደርድረው ይቆጠራሉ። ለዳማ የለመድነው ቆርኪ ግን ለገንዘብ አይሆንም። ዳሽን በሚጠመቅበት ከተማ ቆርኪ የሌለበት ቤት የለምና፣ ከየት እንደመጣ ማረጋገጥ አይቻልም። ሽምብራና ባቄላም ከቆሎው ጋር ይቀላቀላሉ። ባለ አንድ ብር ሳንቲሙን በነጭ ቺፕ ቦታ መጠቀም ይቻላል፤ ሲዘጋ ግን ከቺፑ ጋር አብሮ ይቆጠር፣ ማንም ቀድሞ ኪሱ አይክተት።

ሲዘጋ

ቆጠራው በ20 በ20 ይሁን። አንድ ሃያ በጥንቃቄ ቆጥራችሁ አቁሙ፤ ሌሎቹን ከጎኑ እያቆማችሁ አናታቸውን በጣት መዳበስ ብቻ ነው። የአንድ ቺፕ ውፍረት 3.3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ የጎደለች አንዷ በጣት ትታወቃለች።

ከዚያ ደብተሩን ክፈቱ። ሰባት ሰው ገብቶ አራት ጊዜ ተጨምሮ ከሆነ 11 መግቢያ፣ 2,200 ብር ነው፤ የቺፑም ድምር 2,200 መሆን አለበት። ካልሆነ ልዩነቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ይናገራል። 25 ከጎደለ አንዲት ስሙኒ ምንጣፍ ስር ወይም ኪስ ውስጥ ናት። ልዩነቱ 4 ከሆነ ሲመነዘር በነጭ ቦታ ቀይ ተሰጥቷል ወይም በተቃራኒው፤ 20 ከሆነ ቀይና አረንጓዴ፣ 75 ከሆነ አረንጓዴና ጥቁር ተለዋውጠዋል። ቺፑ ከገንዘቡ በልክ 200 ከበለጠ ደብተሩ ላይ ያልሰፈረ መግቢያ አለ፤ መጀመሪያ የቴሌብር መልእክቶቹን እዩ። ማንም ገንዘቡን ይዞ ከመነሳቱ በፊት ይህ ይጣራ፤ ከዚያም እያንዳንዱ ቀለም ስንት እንደሆነ ቆጥራችሁ የቀለሞቹን ብዛት ጽፋችሁ በክዳኑ ውስጥ በለጠፋችሁት ወረቀት ላይ ካለው ቁጥር ጋር አመሳክራችሁ ሳጥኑን ዝጉ።