ለጌም የሚሆን ሄድሴት እንዴት ይመረጣል? ከከተማ ዳር ለምትጫወቱ

አያት፣ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በየኮንዶሚኒየሙ ጌም ላይ ያለው ልጅ ብዙ ነው። አንዱ በስልኩ ፐብጂ ወይም ፍሪ ፋየር ይጫወታል፣ ሌላው ላፕቶፕ ላይ ነው፣ ፕሌይ ስቴሽን ያለውም አለ። ግድግዳው ስስ ነው። ቤተሰብ ተኝቷል፣ ጎረቤትም ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ሰርቪስ ይጠብቃል። ስለዚህ ሄድሴት ግድ ነው።

ችግሩ አመራረጡ ላይ ነው። ሱቅ ስትገቡ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ ነገር በመደርደሪያው ሙሉ ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ሻጩም "7.1 ነው፣ ቤዙ ልዩ ነው" ይላችኋል። ዋጋው ቀላል አይደለም። ገዝታችሁ ከገባችሁ በኋላ "አልሆነኝም" ብትሉ፣ ከከተማ ዳር ተነስቶ መገናኛ ወይም መርካቶ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል። ያውም ሻጩ መልሶ ከተቀበላችሁ ነው። ስለዚህ ማጣራቱን ከመክፈላችሁ በፊት ጨርሱት።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ይያዝልኝ። የጌም ሄድሴት ዋና ሥራው ድምፅ ማድመቅ አይደለም፤ ድምፁ ከየት እንደመጣ ማሳወቅ ነው። ከበስተግራ የሚመጣ ኮቴ፣ ፎቅ ላይ የሚከፈት በር፣ ከኋላ ጥይት የሚያጎርስ ሰው። ይህን ለይቶ የሚያሰማ፣ ሁለት ሰዓት ሲደረግ ጭንቅላት የማያሳምም፣ ማይኩም ጥርት ያለ ከሆነ ጥሩ ሄድሴት ነው። የቀረው ጌጥ ነው።

እርምጃ 1፦ ቤት ሳላችሁ ቀዳዳውን እዩ

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ስልካችሁ ክቡ የኤርፎን ቀዳዳ አለው? 3.5 ሚሊሜትር የሚባለው ማለቴ ነው። ብዙ ርካሽ ስልኮች አሁንም አላቸው። ወደድ ያሉት ላይ ግን ቻርጀር የሚሰካበት ታይፕ ሲ ብቻ ነው የቀረው። እንደዛ ከሆነ ታይፕ ሲ የሆነ ሄድሴት ወይም ማገናኛ ያስፈልጋችኋል። ማገናኛው ላይ ተጠንቀቁ፣ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በውስጡ የስልኩን ዲጂታል ድምፅ የሚቀይር ትንሽ ቺፕ አለው፤ ሌላው ባዶ ሽቦ ነው። ባዶው ብዙ ስልኮች ላይ ምንም ድምፅ አያወጣም። በዓይን መለየት ያስቸግራል፣ ስለዚህ እዛው ሱቅ ውስጥ የራሳችሁ ስልክ ላይ ሰክታችሁ ስሙ።

ፕሌይ ስቴሽን 4 ወይም 5 ያላችሁ ተገላግላችኋል። ጆይስቲኩ ራሱ የኤርፎን ቀዳዳ አለው፤ የስልክ ተራ ሄድሴት እንኳ ይሠራል። የተለመደውን ብሉቱዝ ሄድፎን ግን ሁለቱም በቀጥታ አይቀበሉም። ይሄን ሳያውቅ ውድ ብሉቱዝ ገዝቶ የሚቆጭ ሰው አለ።

ላፕቶፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀዳዳ ነው ያለው፤ ድምፁም ማይኩም በሱ ያልፋል። ዴስክቶፕ ከሆነ ሁለት ነው፤ አረንጓዴው ለድምፅ፣ ሮዙ ለማይክ።

ሱቅ ስትደርሱ ደግሞ የሄድሴቱን ጃክ፣ ማለትም የሚሰካውን ጫፍ፣ ወደ ዓይናችሁ አቅርቡት። ብረቱ ላይ ቀጫጭን ቀለበቶች አሉ፣ ብዙ ጊዜ ጥቁር ናቸው። ሁለት ቀለበት ካለው ብረቱ ለሦስት ተከፍሏል፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ፣ አንዱ ለመመለሻ። ለማይክ የተረፈ ቦታ የለም። ሦስት ቀለበት ካለው አራተኛዋ ክፍል የማይክ ናት። ይሄንን ባለሁለት ቀዳዳ ዴስክቶፕ አረንጓዴ ላይ ከሰካችሁት እናንተ ጓደኞቻችሁን ትሰማላችሁ፣ እነሱ ግን እናንተን አይሰሙም። መፍትሔው ለሁለት የሚከፍል አጭር ገመድ ነው። ርካሽ ነው። ካርቶኑ ውስጥ መኖሩን ጠይቁ።

አንዳንድ ርካሽ ሄድሴት ደግሞ ከክቡ ጃክ ጋር ዩኤስቢም አለው። ዩኤስቢው ድምፅ የሚያሳልፍ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ለመብራቱ ብቻ ነው። መብራት በጠፋበት ማታ የላፕቶፕ ባትሪ ላይ እሱን መሸከም አያስፈልግም። ንቀሉትና ስሙት፣ ድምፁ ካልተቀየረ ተዉት።

እርምጃ 2፦ በገመድ ወይስ ያለ ገመድ?

እኔ ከከተማ ዳር ለሚጫወት ሰው ባለገመዱን እመርጣለሁ። አንደኛ፣ ቻርጅ አይፈልግም። መብራት ሄዶ በዳታ ስትጫወቱ የምትቆጥቡት የስልካችሁን ባትሪ ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ድምፁ አይዘገይም። ብሉቱዝ ድምፁን ይጨምቃል፣ ይልካል፣ መልሶ ይፈታል። ኤስቢሲ በሚባለው በተለመደው አሠራር ይሄ ከ150 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ሊፈጅ ይችላል። እስከ ሩብ ሰከንድ ማለት ነው። ለዘፈን ችግር የለውም። ፊልም ላይም ምስሉ አብሮ እንዲዘገይ ተደርጎ ይስተካከላል። ጌም ግን መጠበቅ አይችልም። ኮቴውን ስትሰሙት ሰውየው በሩን አልፏል።

መሞከሪያው ቀላል ነው። የልምምድ ሜዳ ግቡና አንድ ጥይት ተኩሱ። ጣታችሁ ከነካበትና ድምፁ ከተሰማበት መሀል ክፍተት ካለ ያ ሄድፎን ለተኩስ ጌም አይሆንም። ጌም ሞድ የሚባለው ነገር መዘግየቱን ይቀንሰዋል፣ አያጠፋውም።

ብሉቱዝ ሌላም ጣጣ አለው። ማይኩን ስትከፍቱ ግንኙነቱ ብዙውን ጊዜ ወደ ስልክ ጥሪ ዓይነት ይቀየራል። ያኔ የጌሙ ድምፅ ድንገት ይደነዝዛል፣ ግራና ቀኙም ይደባለቃል። የኮቴ ነገር እዛው አበቃ።

ገመድ ጨርሶ አልፈልግም ካላችሁ ዶንግል ያለውን ፈልጉ። ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ትንሽ መቀበያ ናት፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ ትሠራለች፣ መዘግየቷም ለጌም አያስቸግርም። ለየትኛው መሣሪያ እንደተሠራች ግን ጠይቁ፤ የፕሌይ ስቴሽን ዶንግል ኤክስቦክስ ላይ አይሠራም። ያገለገለ ስትገዙ ደግሞ ዶንግሏ መኖሯን ቀድማችሁ እዩ። እሷ ከሌለች ሄድሴቱ ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም።

እርምጃ 3፦ ካርቶኑን አንብቡ፣ ሁሉንም ግን አትመኑ

የሰው ጆሮ የሚሰማው በግምት ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ነው። ይሄን ቁጥር ርካሹም ውዱም ካርቶን ላይ ታገኙታላችሁ፣ ምንም አይለይም። 40 ወይም 50 ሚሊሜትር የሚለው በየጆሮው ያለው ስፒከር ስፋት ነው፤ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ጥሩ አይሆንም። ኦም የሚለውን (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ግን እዩ። ለስልክና ለጆይስቲክ 32 ኦም አካባቢ ይመቻል። 250 ኦም የሆነ የስቱዲዮ ሄድፎን በጥሩ ዋጋ ብታገኙ እንኳ፣ ያለ ማጉያ ድምፁ ደካማ ነው የሚሆነው።

7.1 የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ብር የሚፈሰው እሱ ላይ ነውና። ቃሉ በዙሪያችሁ የተደረደሩ ሰባት ስፒከሮችና አንድ የቤዝ ስፒከር ማለት ነው። ያለን ሁለት ጆሮ ነው። ከግራ የመጣ ድምፅ ግራ ጆሯችን ጋ ቀድሞ ይደርሳል፤ ልዩነቱ ቢበዛ 0.7 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው። ጭንቅላታችን ስለሚጋርደው ደግሞ ቀኝ ጆሯችን ጋ ቀንሶ ይገባል። የጆሯችን ቅርፅ ራሱ ከፊት የመጣውንና ከኋላ የመጣውን ትንሽ ለየት አድርጎ ያስገባል። አንጎላችን "ከኋላዬ ነው" የሚለው ከዚህ ሁሉ ተነስቶ ነው። ይህንን በሶፍትዌር አስመስሎ በሁለት ስፒከር ማሰማት ይቻላል። ካርቶኑ ላይ ያለው 7.1 አብዛኛውን ጊዜ ይሄው ነው። ውስጡ ሰባት ስፒከር የለም።

ማስመሰሉን ደግሞ በነፃ ታገኙታላችሁ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥ ዊንዶውስ ሶኒክ አለ። ፕሌይ ስቴሽን 5 ቴምፔስት የሚባል የራሱ 3ዲ ድምፅ አለው፣ ከተራ ሄድፎንም ጋር ይሠራል። ቫሎራንት የሚባለው የተኩስ ጌምም ሴቲንጉ ውስጥ ኤችአርቲኤፍ የሚል ምርጫ አለው፣ ያው ማስመሰሉ ነው። ለ7.1 ተብሎ የሚጨመረውን ብር ለተሻለ ማይክና ለተሻለ የጆሮ ትራስ አውሉት።

እግር ኳስ ብቻ የምትጫወቱ ከሆነ ይሄ ሁሉ ብዙም አያስጨንቃችሁ። ለእናንተ ምቾቱና ማይኩ ይበቃል።

እርምጃ 4፦ ሱቅ ውስጥ አትቸኩሉ

ከአያት በኩል የምትመጡ በባቡሩ መገናኛ ወርዳችሁ አካባቢውን ማየት ትችላላችሁ። መርካቶ ምርጫው ሰፋ ይላል። የትም ሂዱ፣ ጠዋት ሂዱ፤ ሻጩ ፋታ ይኖረዋል። ስልካችሁ ላይ ሦስት ነገር ጭናችሁ ውጡ፦ የግራና ቀኝ መሞከሪያ ድምፅ፣ በደንብ የምታውቁት ዘፈን፣ እና ከራሳችሁ ጌም ከነድምፁ የተቀዳ ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ።

"ወንድሜ፣ ልሞክረው?" በሉ። አይቻልም ካለ ቀጣዩ ሱቅ አለ። ሄድሴት ሳይሞከር አይገዛም።

መጀመሪያ ግራው በግራ፣ ቀኙም በቀኝ መምጣቱን አረጋግጡ። ሁለቱ እኩል ይጮሃሉ? ቀጥሎ የጌሙን ቪዲዮ ክፈቱና ዓይናችሁን ጨፍኑ። ኮቴ በተሰማ ቁጥር ከየት እንደመጣ በእጃችሁ ጠቁሙ። ከዛ ያንኑ ቪዲዮ እያያችሁ ድገሙት። አብዛኛውን ካገኛችሁት ጥሩ ነው። ግራና ቀኙ ቀላል ነው፤ ፊትና ኋላው ላይ መሳት ያለ ነው፣ በሱ አትጣሉት። ፍንዳታ ሲመጣ ኮቴው ከተዋጠ ግን ቤዙ በዝቷል። ብዙ የጌም ሄድሴት ቤዙ ሆን ተብሎ ከፍ ይደረጋል፤ ሱቅ ውስጥ ደስ ይላል፣ ጨዋታ ላይ ግን ዋናውን ድምፅ ይቀብራል።

ማይኩን ለመሞከር ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ቮይስ ላኩና መልሳችሁ ስሙ። የመርካቶ ጫጫታ እዚህ ጋ ይጠቅማችኋል፤ ድምፃችሁ ከጫጫታው በላይ ከተሰማ ቤት ውስጥ አያሳስብም። ከዛ ዘፈን ከፍታችሁ ገመዱን ጃኩ አጠገብና ጆሮው ጋ ቀስ አድርጋችሁ ወዲህ ወዲያ አድርጉት። ድምፁ ከተቆራረጠ መልሱት። ገመዱ የሚነቀል ከሆነ ይመረጣል፣ ሲበላሽ ገመዱን ብቻ ትቀይራላችሁ።

አሁን ዝም ብላችሁ አድርጋችሁት አስር ደቂቃ ቆዩ። ሌሎች ዕቃዎችን እያያችሁ ሊሆን ይችላል። የሚከብድ ወይም የሚጨቁን ከሆነ በዚህ ጊዜ ራሱ ይነግራችኋል። ለማነጻጸር ያህል፣ ሬዘር ብላክሻርክ ቪ2 ኤክስ 240 ግራም ነው፣ ሃይፐርኤክስ ክላውድ ስቲንገር 275 ግራም፣ ገመድ አልባው ሎጂቴክ ጂ435 ደግሞ 165 ግራም። ከ350 ግራም ካለፈ አንገት ላይ መታወቅ ይጀምራል። መነጽር የምታደርጉ መነጽራችሁን ሳታወልቁ ሞክሩ፤ የመነጽሩ እግር ትራሱን ያነሳውና ድምፅ ያፈሳል፣ ጆሮ ላይም ይጫናል። ሹሩባ የተሠራችሁ እህቶችም እንዲሁ፤ የላዩ ቀበቶ በቂ ስፖንጅ ከሌለው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያማል።

ትራሱ ቆዳ መሰል ከሆነ ድምፅ በደንብ ያፍናል፣ ግን ያልባል፣ ከጊዜ በኋላም ይላጣል። የጨርቁ ይተነፍሳል፣ የውጭ ድምፅ ግን ያስገባል። ጀርባቸው ክፍት የሆኑ ሄድፎኖች ድምፃቸው ሰፋ ያለ ነው፣ አቅጣጫም ደህና ያሳያሉ። ነገር ግን የምትሰሙት ሁሉ ወደ ክፍሉ ይወጣል፣ የጎረቤት ጄኔሬተርም ይገባል። ክፍል ለሚጋራ ሰው ዝጉ ይሻላል።

እርምጃ 5፦ ከመክፈላችሁ በፊት

ስመ ጥር ብራንድ ከሌላው ሱቅ በግማሽ ዋጋ ካያችሁ ኮፒ ነው ብላችሁ ተነሱ። የስሙን ፊደላት፣ የካርቶኑን ኅትመት፣ የሲሪያል ቁጥሩን አስተያዩ። ዋስትናውን ቀንና ማህተም ባለው ደረሰኝ ተቀበሉ፤ በቃል የተባለ ዋስትና ሁለተኛ ስትመጡ አይገኝም። በቴሌግራም የምታዙ ከሆነ ዕቃው ደርሶ፣ ሰክታችሁ፣ ሰምታችሁ ነው የምትከፍሉት። ይሄንን ከማዘዛችሁ በፊት ተስማሙ።

እርምጃ 6፦ ቤት ስትገቡ

የአቅጣጫ ማስመሰያ አንድ ብቻ አብሩ። የጌሙ ካለ የዊንዶውሱንና የሄድሴቱን አጥፉ፤ ሁለት ሲደራረብ አቅጣጫው ይምታታል። ኢኳላይዘር ካለ ቤዙን ትንሽ ቀንሱ። ዴስክቶፕ ላይ የሚያፏጭ ወይም እንደ ዝዝዝ ያለ ድምፅ ከመጣ ጃኩን ከፊተኛው ቀዳዳ ነቅላችሁ ከኋላ ሰኩት። ካልተወ ትንሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ብዙ ጊዜ ይገላግላል።

የድምፁን መጠን አደራ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል፣ ለልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤል ይላል። 90 ዴሲቤል ሲደርስ ለአዋቂ የሚቀረው በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። የተጎዳ የውስጥ ጆሮ ህዋስ ተመልሶ አይበቅልም። ጨርሳችሁ ስታወልቁት ጆሯችሁ ጭው ካለ ድምፁ በዝቶ ነበር ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ቀን ቀንሳችሁ ግቡ። ታናናሾቻችሁ በዚሁ ሄድሴት የሚጫወቱ ከሆነ የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የድምፅ ገደብ ፈልጉ። ሳምሰንግ ላይ በፒን ቁጥር ይቆለፋል፣ ፒኑን እናንተ ያዙት።