የቻይና ኦንላይን ጌም ኩባንያን ሒሳብ ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቻይና ትልልቅ የጌም ኩባንያዎች የቴንሰንት አክሲዮን በሆንግ ኮንግ፣ የኔትኢዝ ደግሞ በሆንግ ኮንግም በአሜሪካው የአክሲዮን ገበያ ናስዳክም ይሸጣል። ሪፖርታቸውን ማንም ከፍቶ ማንበብ ይችላል። ብዙ ሰው ግን የተጫዋቹን ብዛትና የገቢውን ዕድገት ብቻ አይቶ ይወስናል። ከዚያ በፊት ጌሙም ሆነ ገንዘቡ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ ይገባል።

ጌሙን የሚያስኬደውን የሠራው አድርጎ መቁጠር። በ2000ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የቻይና ኩባንያዎች ያደጉት በአብዛኛው የውጭ ጌም ተከራይተው ነው። ዘ ናይን የተባለው የሻንጋይ ኩባንያ ከ2005 ጀምሮ የአሜሪካውን ጌም ሠሪ የብሊዛርድን ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለ ጌም በቻይና ያስኬድ ነበር፤ ገቢውም በዋናነት ከዚያው ነበር። በ2009 ውሉ ሲያልቅ ጌሙ ወደ ኔትኢዝ ሄደ፤ ዘ ናይንም ዳግም እዚያ ደረጃ አልደረሰም። ኔትኢዝም ቢሆን በጥር 2023 ውሉ ተቋርጦበት ሰርቨሮቹ ተዘግተዋል፤ ጌሙ የተመለሰው በ2024 ነው። ኔትኢዝን ከውድቀት ያዳኑት የራሱ ጌሞች ናቸው። ስለዚህ በዓመታዊ ሪፖርቱ የስጋቶች ክፍል ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ ከአንድ ጌም የሚገኘው ገቢ ድርሻና ውሉ የሚያበቃበት ቀን።

ተጫዋቹ የከፈለው ሁሉ የኩባንያው ነው ብሎ ማሰብ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ጉግል ፕሌይ በዋናው ቻይና ስለማይሠራ፣ የአንድሮይድ ጌሞች የሚወርዱት በአብዛኛው ከስልክ አምራቾቹ ከሁዋዌ፣ ኦፖ፣ ቪቮና ሻዎሚ መደብሮች ነው። እነዚህ እስከ 50 በመቶ ይወስዳሉ፤ አፕል ለረጅም ጊዜ የወሰደው 30 በመቶ ነበር። 100 ዩዋን ተከፍሎ 50ው ለመደብሩ ከሄደ፣ ከቀረው ላይ የጌሙ ሠሪ 20 ሊወስድ ይችላል፤ ጌሙን የሚያስኬደው ኩባንያ በቀረው 30 ዩዋን ሰርቨርም ማስታወቂያም ይሸፍናል። ቴንሰንት በሰኔ 2024 የዳንጀን ኤንድ ፋይተርን የሞባይል ጌም ከአንዳንድ የአንድሮይድ መደብሮች ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላም አለ፦ አንዱ ኩባንያ 100ውን በሙሉ ገቢ ብሎ 50ውን በወጪ ይመዘግባል፣ ሌላው ከመነሻው 50 ብቻ ይጽፋል። የሁለቱን ገቢ ጎን ለጎን ማወዳደር ፍጹም ያሳስታል።

የገባን ገንዘብ ከተመዘገበ ገቢ ጋር ማምታታት። ተጫዋች የጌም ሳንቲም ሲገዛ ገንዘቡ በመጀመሪያ የሚቀመጠው በዕዳ ዓምድ ነው። በሳንቲሙ በ60 ዩዋን የገጸ ባሕርይ ልብስ ቢገዛና ልብሱ 6 ወር ያገለግላል ተብሎ ቢገመት፣ በየወሩ ገቢ የሚሆነው 10 ዩዋን ነው። ስለዚህ ሽያጩ እየወረደ ገቢው ለወራት ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ገና አገልግሎት ያልተሰጠበትን ክፍያ የሚያሳየው የዕዳ መስመር ከሩብ ዓመት ሩብ ዓመት ከቀነሰ ይጠንቀቁ።

ፈቃዱን መዘንጋት። እያንዳንዱ ጌም ከብሔራዊ የፕሬስና የኅትመት አስተዳደር የፈቃድ ቁጥር ካላገኘ በቻይና ገንዘብ ማስከፈል አይችልም። ከመጋቢት እስከ ታኅሣሥ 2018፣ ከዚያም ከሐምሌ 2021 እስከ ሚያዝያ 2022 አዲስ ፈቃድ አልተሰጠም፤ ሠርተው የጨረሱ ትናንሽ ቡድኖች ደመወዝ እየከፈሉ ያለ ገቢ ቀሩ። «በቅርቡ የሚወጣ» የተባለ ጌም ፈቃድ ከሌለው በግምትዎ ውስጥ አያስገቡት።

የልጆችን ገደብ ማጋነን። ከመስከረም 2021 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ያሉ የሚጫወቱት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓላት ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ ነው። ልጆቹን በእጅጉ ይነካል፤ የቴንሰንትን ገቢ ግን ብዙም አልነካም፤ የሚከፍሉት በአብዛኛው አዋቂዎች ናቸውና።

አክሲዮን ሲገዙ የቻይናውን ፈቃድ የያዘውን ድርጅት እንደገዙ ማሰብ። የቻይና ሕግ በኦንላይን ኅትመት የውጭ ባለሀብት እንዳይገባ ይከለክላል። ቴንሰንትም ኔትኢዝም የተመዘገቡት በካይማን ደሴቶች ነው፤ ፈቃዱን ከያዙት የአገር ውስጥ ድርጅቶች ጋር የሚያገናኛቸው ባለቤትነት ሳይሆን ውል ነው። የዚያ ውል ዝርዝር በዓመታዊ ሪፖርቱ ስለ ኩባንያው አደረጃጀት በሚናገረው ክፍል ይገኛል፤ ከትርፍና ኪሳራው ሠንጠረዥ በፊት እሱን ያንብቡ።