ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተረፈ ደብዳቤ እንዴት ተፈልጎ ይነበባል?

ከ1861 እስከ 1865 የአሜሪካ ሰሜናዊና ደቡባዊ ግዛቶች ሲዋጉ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በጦር ሰፈርና በቤት መካከል የሚመላለሰው ደብዳቤ ለጉድ ነበር። ቴምብር ያጣ የሰሜን ወታደር ፖስታው ላይ «የወታደር ደብዳቤ» ብሎ በመኮንን አስፈርሞ ይልከዋል፤ 3 ሳንቲሙን የሚከፍለው ተቀባዩ ነው። ከዚያ ሁሉ ወረቀት የተረፈው ብዙ ነው፤ ከፊሉንም ዛሬ በስልክ ከፍቶ በነፃ ማየት ይቻላል። ማግኘቱ እምብዛም አይከብድም። ያገኙትን በትክክል መረዳት ግን ሥርዓት ይፈልጋል።

መጀመሪያ፦ ወረቀቱ ለምን ተረፈ?

«ምን ይላል?» ከማለትዎ በፊት «ማን አስቀመጠው? ለምንስ?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ ወደ ንባቡ ይገባል። እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው ይህንኑ ነው፤ ደብዳቤ በአጋጣሚ ብቻ አይተርፍም፣ የሚፈልገው ሰው ስላለ ይተርፋል።

አንዱ መንገድ ቤተሰብ ነው። ሣራ ሮዜታ ዌክማን ወንድ መስላ፣ ላየንስ ዌክማን በሚል ስም በ153ኛው የኒው ዮርክ ሬጅመንት (የጦር ክፍል) ተቀጥራ፣ በ1864 ኒው ኦርሊንስ ሆስፒታል ውስጥ ሞተች። ታሪኳን ልናውቅ የቻልነው ቤተሰቦቿ የላከቻቸውን ደብዳቤዎች ከመቶ ዓመት በላይ ስላኖሯቸው ነው። ቤተሰብ ግን የሚያኖረው የሚወደውን ነው። የሚያሳፍረው፣ የሚያጣላው ገጽ እሳት ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ጡረታ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ምንጭ ይህ ነው። በሐምሌ 1862 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ለሟች ወታደር ሚስት፣ ልጆችና በእሱ ትረዳ ለነበረች እናት አበል ፈቀደ። ታዲያ መንግሥት ማስረጃ ይጠይቃል። ሚስት መጋባታቸውን፣ እናትም ልጇ ይጦራት እንደነበር ማሳየት አለባቸው። ማስረጃቸው ብዙ ጊዜ ያው ደብዳቤ ነበር፤ «እማዬ፣ 10 ዶላር ልኬልሻለሁ» የሚል መስመር ያለበትን ወረቀት ለቢሮ ሰጡ፣ ወረቀቱም ተመልሶላቸው አያውቅም። ለዚህ ነው በዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ባሉት የመበለቶች የጡረታ ማኅደሮች መካከል የግል ደብዳቤ የሚገኘው። በ2016 እዚያ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ሰዎች ማኅደሮቹን ሲያገላብጡ፣ ሮበርት ጃቦ የተባለ ታማሚ ወታደር በጥር 1866 ለሚስቱ ያስጻፈውን ደብዳቤ አገኙ። ጸሐፊው መጨረሻ ላይ ስሙን አኑሯል፤ ገጣሚው ዋልት ዊትማን ነበር። ዊትማን በዋሽንግተን ሆስፒታሎች እየዞረ ለቁስለኞች ደብዳቤ ይጽፍ ነበር።

እንዲህ ያለው ማኅደር ግን የራሱ ማጣሪያ አለው። እናትየዋ ያቀረበችው ገንዘብ የተጠቀሰበትን ደብዳቤ ነው። ከዚያ ተነስተው «ወታደሩ የሚያስበው ስለ ገንዘብ ብቻ ነበር» ቢሉ ይሳሳታሉ።

ሦስተኛው መንገድ ክስ ነው። ከባርነት ወጥቶ የሰሜኑን ጦር የተቀላቀለው ስፖትስውድ ራይስ በመስከረም 1864 ከሴንት ሉዊስ ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፤ አንዱን በሚዙሪ ገና በባርነት ለተያዙት ልጆቹ፣ ሌላውን ከልጆቹ አንዷን ለያዘችው ለኪቲ ዲግስ። ልጄን ከነወታደሩ መጥቼ እወስዳለሁ ይላታል። ከዲግስ ቤተሰብ የሆነው፣ በሚዙሪ የግላስጎው ከተማ ፖስታ ቤት ኃላፊ በዚህ ተቆጥቶ፣ ራይስን ከግዛቱ እንዲያስወጡለት ደብዳቤዎቹን በሚዙሪ የሰሜኑ ጦር አዛዥ ለነበረው ለጄኔራል ሮዝክራንስ ላካቸው። አባት ለልጆቹ የጻፈው ቃል የተረፈልን ሊያስቀጣው የፈለገ ሰው ለባለሥልጣን ስላቀበለው ነው። በአብዛኛው የደቡብ ግዛቶች ባሪያን ፊደል ማስተማር በሕግ የተከለከለ ስለነበር እንዲህ ያለ ድምፅ እንደ ልብ አይገኝም።

ፍለጋው

ስም ብቻ ይዘው አይነሱ፤ ስም፣ ግዛት፣ ሬጅመንት ይያዙ። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት የሁለቱንም ወገን ወታደሮች ስም ዝርዝር በድረ ገጹ ላይ አውጥቷል፤ ሬጅመንቱን ከዚያ ያገኛሉ። የስም አጻጻፍ እንደ ጸሐፊው ይለያያልና በተለያየ ፊደል ይሞክሩ። በሰሜኑ ጦር 179,000 ያህል ጥቁር ወታደሮች አገልግለዋል። አንዳንዶቹ ከነፃነት በኋላ ስም ስለቀየሩ በጡረታ ማኅደራቸው ላይ ሁለቱም ስም ሊገኝ ይችላል።

የሰሜን ወታደር የአገልግሎት መዝገብና ጡረታ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። ለደቡብ ወታደር ጡረታ የከፈሉት ግን ግዛቶቹ ራሳቸው ስለሆኑ ያን የሚፈልጉት በየግዛቱ ቤተ መዛግብት ነው። ይህን ሳያውቁ ዋሽንግተን ላይ ብዙ ጊዜ የሚያባክኑ አሉ። ስለ ተራው ሰው ኑሮ ከሆነ የሚፈልጉት፣ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሥራ የአንድ ቨርጂኒያ ወረዳና የአንድ ፔንሲልቫኒያ ወረዳ ደብዳቤዎችን፣ ማስታወሻዎችንና ጋዜጦችን ጎን ለጎን በድረ ገጽ አስቀምጧል።

ዋሽንግተን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ከሆነ ዋናውን ወረቀት ማየት ይችላሉ። ፎቶ ያለው መታወቂያ ይዘው ፔንሲልቫኒያ ጎዳና ወዳለው የብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሕንፃ ይሂዱና የአንባቢ ካርድ ያውጡ፤ ክፍያ የለውም። ቦርሳና እስክሪብቶ አይገባም፣ የሚጻፈው በእርሳስ ነው። ፎቶ ያለ ፍላሽ ይፈቀዳል።

በነገራችን ላይ፣ በደቡብ ጄኔራሎች ሰነድ ውስጥ ዊሊያም ሎሪንግ የሚል ስም ካጋጠመዎት ቆም ይበሉ። ሰውየው ከጦርነቱ በኋላ በግብፁ ከዲቭ እስማኤል ተቀጥሮ፣ በመጋቢት 1876 ጉራ ላይ አጼ ዮሐንስን ሊወጋ መጥቶ የተሸነፈው ጦር የኤታማዦር ሹም ነበር።

የእጅ ጽሑፉን መፍታት

የሚታወቀውን ይዘው ወደማይታወቀው ይሂዱ። ቀኑን፣ ሰላምታውንና ፊርማውን መጀመሪያ ያንብቡ። ሰላምታው እንደኛው የድሮ ደብዳቤ የተለመደ ቀመር ነው፦ ብዕሬን አንስቼ ደህና መሆኔን እገልጻለሁ፣ እናንተም በዚያው ጤንነት እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ ይላል። ቀመሩን ካወቁ የሰውየውን የፊደል አጣጣል ከዚያ ይለያሉ። ከዚያ ጮክ ብለው ያንብቡ። ብዙዎቹ የጻፉት እንደሚናገሩት ስለሆነ ዓይን ያልፈታውን ጆሮ ይፈታዋል። ሁለት «ኤስ» ሲደራረብ የመጀመሪያው «ኤፍ» መስሎ ቢታይ አይደንግጡ፤ የዘመኑ አጻጻፍ ነው።

ወረቀት ያነሰው ሰው አንድ ገጽ ጽፎ ሲያበቃ ገጹን አዙሮ በላዩ ላይ አግድም ይጽፋል። ምስሉን አዙረው አንዱን አቅጣጫ ብቻ ይከተሉ። በእርሳስ የተጻፈውና የደበዘዘው በስልክ ላይ ንፅፅሩን ከፍ ሲያደርጉት ይወጣል። ደቡቡ የሰሜኑ መርከቦች ወደቦቹን ስለዘጉበት ወረቀት አጥቶ ከግድግዳ ወረቀትና ከአሮጌ የሒሳብ መዝገብ ፖስታ ይሠራ ነበርና የፖስታውን ውስጥም ይመልከቱ።

ቀንና ቦታ

ጸሐፊው «14ኛው ኢንስት» ካለ የዚሁ ወር 14 ማለቱ ነው፤ «አልት» ካለ ያለፈው ወር ነው። ይህን ያልያዘ ሰው ጦርነቱን በአንድ ወር ያዛባዋል። አንዱ ውጊያ ሁለት ስም ሊኖረውም ይችላል። ሰሜኑ ብዙ ጊዜ በወንዙ፣ ደቡቡ በከተማው ይጠራዋል፤ የመስከረም 17 ቀን 1862ቱ አንቲተም ለደቡቡ ሻርፕስበርግ ነው።

ማመን እስከየት?

ወታደሩ ስለ ጫማው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ተቅማጡ የሚለውን እመኑት፤ ከሟቾቹ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑትን የገደለው በሽታ ነው። የጠላትን ሙት ቁጥር ሲናገር ግን ወሬ እያቀበለ ሊሆን ይችላል። የተራ ወታደር ደብዳቤ እንደ ኋለኞቹ ጦርነቶች በመደበኛ ሳንሱር አያልፍም ነበርና ስለ አዛዡ የሚለው ግልጥልጥ ያለ ነው። የምርኮኛው ግን ሌላ ነው፤ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ ተገድቦ፣ ያሰረው ወገን ከፍቶ አይቶት የሚሄድ ነውና «በደህና ይዘውናል» ቢል በጥርጣሬ ያንብቡት።

ሊረጋገጥ የሚችለውን ከሕጉ ጋር ያስተያዩ። በመስከረም 1863 ጄምስ ሄንሪ ጉዲንግ የተባለ ጥቁር ወታደር የደመወዝ ልዩነቱን ለፕሬዚዳንት ሊንከን ጻፈለት። ልክ ነበር፤ ነጩ በወር 13 ዶላር ሲያገኝ ጥቁሩ 10 ተብሎ 3ቱ ለልብስ ይቆረጥበት ነበር። ኮንግረስ ያስተካከለው በሰኔ 1864 ነው።

ዋናውን ወይስ ግልባጩን ነው የማነበው ብለውም ይጠይቁ። ሱሊቫን ባሉ የተባለ የሰሜን ሻለቃ በመጀመሪያው የቡል ረን ውጊያ ቆስሎ ከመሞቱ በፊት፣ ሐምሌ 14 ቀን 1861 ለሚስቱ የጻፈው ዝነኛ ደብዳቤ ዛሬ በግልባጭ ብቻ ነው ያለው፤ ዋናው አልተገኘም።

ሲገለብጡ

ስህተቱን አያርሙ፣ መስመሩን አይቀይሩ፤ ያልተነበበውን በቅንፍ «አልተነበበም» ብለው ይለፉት። የማኅደሩን ቁጥርና የገጹን ፎቶ አብረው ያስቀምጡ። ዋናው ወረቀት በእጅዎ ካለ ፕላስተር አይለጥፉበት፣ በላስቲክ አያሽጉት፤ እጅዎን ታጥበው አድርቀው ይንኩት። የራስዎ ወረቀት ከሌለ ልምምዱን በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ መጀመር ይችላሉ። ከ2018 ጀምሮ ለሊንከን የተላኩ ደብዳቤዎችን ጭምር ሕዝቡ እንዲገለብጥ ክፍት አድርጓል። ለመገልበጥ መመዝገብ አያስፈልግም፤ ሌላው የገለበጠውን ለማረም ግን ያስፈልጋል።