የባሕር ዛፍና የአደይ አበባ የግድግዳ ጌጥ፦ በካርቶንና በአቡጀዲ እንዴት እንደሚሠራ

ስድስት ኪሎ አካባቢ የተከራየኋት ክፍል ግድግዳዋ ባዶ ነበር። ፒያሳ ወርጄ ፍሬም የገባ ስዕል ጠየቅኩ፤ ዋጋው አይቀመስም። ቤት ውስጥ ካርቶንና ኮላ ነበረኝ። ቅጠሉ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ሞልቷል። እስካሁን እንዲህ ያለ ጌጥ ብዙ ሠርቻለሁ፤ ሁሉም በርካሽ ነው ያለቀው።

የሚያስፈልገው አንድ ትልቅ ካርቶን፣ ግማሽ ሜትር አቡጀዲ፣ ነጭ ኮላ፣ ከተር፣ ሲባጎና የቆዩ ጋዜጦች ናቸው። ካርቶኑን የሰፈር ሱቅ ጠይቁ። ግሉ ጋን (ሙጫ አቅልጦ የሚያወጣ መሣሪያ) አትግዙ፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ትኩሱ ሙጫ ይጓጉልና ቅጠሉን ከስር ያሳብጠዋል።

1. ቅጠልና አበባ መልቀም

ባሕር ዛፍ ሲባል የሚታየን ረጅሙ፣ እንደ ማጭድ የጎበጠው ቅጠል ነው። እኔ የምመርጠው ለጋውን ነው። ነጭ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ ቅጠሉ ወደ ክብ የሚጠጋና ሰማያዊ ግራጫ ነው፤ ሁለት ሁለት እየሆነ ፊት ለፊት ይወጣል። ላዩ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ሰም አለው። በጣት ከተነካ ሰሙ ይለቅና አሻራ ይቀርበታል፤ ስለዚህ በቀንበጡ ያዙት። አደዩን በመስከረም መጨረሻ፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ እኩለ ቀን ላይ ልቀሙ። ከሰው አጥር ውስጥ ከሆነ አስፈቅዱ።

2. ማድረቅ

ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ዓመት ለእንቁጣጣሽ ለአክስቴ ስጦታ ልሠራላት ፈልጌ በነሐሴ ቅጠል ሰበሰብኩ። ጊዜ አልነበረኝም። አራት ቀን መጽሐፍ ውስጥ አቆየሁት፣ በካውያ ተኮስኩት፣ ለጥፌ መስታወት አለበስኩት። ሲታይ ያምር ነበር። ለመስቀል ቤቷ ስሄድ በመስታወቱ ውስጥ ግራጫ ሻጋታ ቅጠሉን ሁሉ ሸፍኖታል። እሷ ቅር እንዳይለኝ ብላ ከግድግዳው አላወረደችውም። በጣም አዘንኩ። ጥፋቱ የችኮላዬ ነበር። ቅጠሉ ውስጥ የቀረው እርጥበት መውጫ አጥቶ ከመስታወቱ ስር ታፈነ። ከዚያ ወዲህ በክረምት አልጀምርም፤ መስታወትም አላለብስም።

አራት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም የአገራችንን ዕፅዋት አድርቆ ያስቀምጣል። ዕፅዋት ለጥናት የሚደርቁበት የቆየ ዘዴ ለእኛም ይበቃል፦ ጋዜጣ፣ ክብደት፣ ወረቀት መቀየር።

ካርቶን ከስር አድርጉ። በላዩ አምስት ቅጠል ጋዜጣ፣ ቀጥሎ የጋዜጣው ቀለም እንዳያልፍ አንድ ንጹሕ ነጭ ወረቀት። ቅጠሎቹን ሳይነካኩ ደርድሩ። እንደገና ነጭ ወረቀት፣ ጋዜጣ፣ ካርቶን። ከላይ ከባድ መጽሐፍ ወይም ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ ጫኑ። የሚያብለጨልጭ የመጽሔት ወረቀት አትጠቀሙ፤ እርጥበት አይመጥም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ። ስታወጡት እርጥበቱ በእጅ ይታወቃል። ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ መልሳችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። ከዚያ በየሦስት ቀኑ ይበቃል። አደይ በሳምንት ከምናምን ይደርቃል፤ ባሕር ዛፍ ወፍራም ስለሆነ ሦስት ሳምንት ስጡት። የአደይ እምብርቱ ከአበባው ቅጠል ይወፍራል፤ ዙሪያው እንዳይጨማደድ መሃሉ የተበሳ ወረቀት ደርቡበት።

መድረቁን እንዲህ እወቁ። ቅጠሉን ቀስ ብላችሁ ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉ። ከቀዘቀዘ ውሃ አለው፤ መልሱት። ካልቀዘቀዘና በጫፉ ስታነሱት ካልተለመጠ ደርቋል። ካውያ አያስፈልግም፤ ቅጠሉን ያጠቁረዋል።

3. መደቡን ማዘጋጀት

ካርቶኑን 30 በ40 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ሁለት ቁረጡ። የአንዱ ውስጥ መስመር ቁመቱን፣ የሌላው ወርዱን ይሂድ። እንዲህ ተሻግረው ከተጣበቁ አይጎብጡም። አቡጀዲውን ተኩሳችሁ ወጥሩበት፣ ትርፉን ወደ ኋላ አጥፉ። ኮላ ከኋላ ብቻ፤ ፊቱ ላይ ከነካ ሰርጎ ነጠብጣብ ይተዋል።

4. መለጠፍ

ኮላ ሳትነኩ መጀመሪያ ደርድሩና በስልክ ፎቶ አንሱ። እኔ ባሕር ዛፉን ከታች ወደ ላይ እንደ ቅርንጫፍ እያሳሳሁ፣ አደዩን ሦስት ብቻ አደርጋለሁ። መጨናነቅ ያበላሻል።

ኮላውን በውሃ አታቅጥኑ፤ የደረቀ ቅጠል ውሃ ሲነካው መልሶ ይጠቀለላል። በክብሪት እንጨት ጫፍ ትንሽ ውሰዱና በጀርባው የመሃል ጅማት ላይ ብቻ ቀቡ። ፌስታል ከላይ አልብሳችሁ በመጽሐፍ ተጭናችሁ አሳድሩ።

5. መስቀል

ከኋላ ሁለት ቀዳዳ፣ ሲባጎ፣ አለቀ። የእኔ ቤት ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ሚስማር የትም ቢመታ ይፈረፈራል። ግድግዳውን አንኳኩና ድምፁ ጠንከር የሚልበትን፣ ቋሚው እንጨት ያለበትን ቦታ ፈልጉ። ዳብል ቴፕ በኖራ ግድግዳ ላይ አይቆይም። ከመስኮት ፊት ለፊት አትስቀሉት፣ ከምጣድና ከጀበና እንፋሎትም አርቁት።

አቧራ ሲይዘው በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። የአደዩ ቢጫ በዓመቱ ይደበዝዛል፤ ሦስቱን ብቻ አንስታችሁ በመስከረም በአዲስ ተኩ። ባሕር ዛፉን አትንኩት።